ሠላሳ ሦስት ገጽ

በ1981 ዓ.ም. ደሴ ውስጥ አንደኛ ክፍል አስተምር ነበር። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ከመምህራን ማሠልጠኛ ከወጣሁም ገና ሁለተኛ ዓመቴ። በክፍሌ ከሰማንያ በላይ ልጆች ነበሩ፤ አንድ ዴስክ ላይ አራት እየሆኑ ይቀመጣሉ። አንዱ ግን አይቀመጥም። በሩ ሥር፣ ሲሚንቶው ላይ፣ የጠርሙስ ቆርኪ ይደረድራል። የቢራው ከቢራው፣ የለስላሳው ከለስላሳው፣ ሁሉም ጥርሱን ወደ ታች ደፍቶ። አንድ ልጅ በእግሩ ነካ ያደረገበት እንደሆነ ጩኸቱ ዳይሬክተሩ ቢሮ ድረስ ይሰማል። ስሙን ስጠራው ዞር አይልም፤ የከረሜላ ልጣጭ ከክፍሉ ጥግ ሲንኮሻኮሽ ግን ይሰማል።

አንድ ቀን ጥቁር ሰሌዳው ላይ የቁልቢ ገብርኤልን በዓል ስጽፍ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ «ሐምሌ 19 ረቡዕ» አለ። ቤቴ ገብቼ የቀን መቁጠሪያ ገለጥኩ። ረቡዕ ነው።

እናቱ ጠላ ጠምቀው የሚሸጡ ሴት ነበሩ። ጥር ላይ ነጠላቸውን አጣፍተው ክፍሌ በር ላይ ቆሙ። የነገሩኝን ዛሬም አልረሳሁትም። «ልጄ ደንቆሮ አይደለም፤ ይሰማል። ሲርበው እጄን እንደ ጭልፋ ይዞ ወደ ድስቱ ይወስዳታል እንጂ ፊቴን አያይም። ‹ውሃ ልስጥህ?› ስለው ‹ውሃ ልስጥህ› ይለኛል። አፉን ፈትቶ ነበር እኮ፤ ‹እማ› ይለኝ ነበር። ሁለት ዓመቱ ላይ፣ ፍልሰታ ሲገባ፣ ቃሉ ጠፋ።» ለመስከረም 21 በጀርባቸው አዝለው ግሸን ማርያም አድርሰውታል፤ ጠበልም አስጠምቀውታል። ጎረቤት ግን በእርግዝናቸው ጊዜ በቀትር ወንዝ ተሻግረው ያመጡት ጣጣ ነው ይላል።

እኔ ምን አልኩ? «እትዬ፣ ገና አልበሰለም፤ ለከርሞ ይዘውት ይምጡ።» ውሳኔው የትምህርት ቤቱ ነበር፤ ቃሉን የተናገርኩት ግን እኔ ነኝ። ለከርሞ አልመጡም።

ዛሬ የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ላለፉት አሥራ ዘጠኝ ዓመታት በሐኪሞችና በአማርኛ ተናጋሪ ቤተሰቦች መካከል ተቀምጬ አስተረጉማለሁ፤ አብዛኛው ሥራዬ ደግሞ የልጆች እድገት በሚመረመርበት ክፍል ውስጥ ነው። የኦቲዝም ምርመራን ታሪክ ያነበብኩት ማንም አዝዞኝ ሳይሆን፣ የደሴዋ እናት በር ላይ ቆመው የነገሩኝ እያንዳንዱ ነገር በመርማሪዋ ቅጽ ላይ የራሱ ቦታ እንዳለው ስላየሁ ነው። እጅን እንደ ዕቃ መጠቀሙ፣ የሰማውን መልሶ ማለቱ፣ የነበረው ቃል መጥፋቱ፣ ለልጣጭ ድምፅ የነቃ ጆሮ ለስሙ አለመዞሩ፤ ሁሉም ተጽፏል። እኚያ ሴት ምርመራውን ግማሽ መንገድ አድርሰውልኝ ነበር። የጎደለው ሰሚ ነው።

የዚህ ምርመራ መነሻ ከቤቴ በመኪና አንድ ሰዓት አይሞላም። ባልቲሞር ውስጥ፣ ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል፣ ሃሪየት ሌን ሆም በሚባለው የሕፃናት ሕክምና ቤት፣ ሊዮ ካነር በ1930 የሕፃናት የሥነ አእምሮ ክሊኒክ ከፈተ። (ከዚህ በኋላ ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው።) ካነር ራሱ ስደተኛ ነበር። በ1894 ዛሬ ዩክሬን በሆነው፣ ያኔ ግን በኦስትሪያና ሀንጋሪ ንጉሠ ነገሥት ሥር በነበረ መንደር ተወልዶ፣ በርሊን ተምሮ፣ በ1924 አሜሪካ ገባ። መጀመሪያ የሠራው ደቡብ ዳኮታ ውስጥ በሚገኝ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ነው።

በ1938 ከሚሲሲፒ፣ ፎረስት ከምትባል ትንሽ ከተማ፣ አንድ ደብዳቤ ደረሰው። ላኪው ቢመን ትሪፕሌት የሚባል ጠበቃ ነው። ስለ አምስት ዓመት ልጁ ስለ ዶናልድ ለጸሐፊው እየነገረ ያስተየበው ደብዳቤ 33 ገጽ ነበር። ልጁ ለምግብ ግድ የለውም። በአንድ ዓመቱ ብዙ ዜማ በትክክል ያንጎራጉራል። የድስት ክዳን፣ ኩብ፣ ክብ የሆነ ነገር ሁሉ ወለል ላይ ያሽከረክራል፤ የጀመረውን ያቋረጡት እንደሆነ ይቆጣል። አባቱ ከሥራ ሲመለስ ቀና ብሎ አያይም። ብቻውን ሲሆን ደስተኛ ነው። ወላጆቹ ገና በሦስት ዓመቱ፣ በሐኪም ምክር፣ ከቤት ርቆ ለሚገኝ ተቋም ሰጥተውት ነበር፤ ዓመት ገደማ ቆይቶ ግን ራሳቸው ሄደው መልሰው አመጡት።

በዚያ ዘመን እንዲህ ላለ ልጅ የሚሰጠው ስም ሁለት ነበር፤ ወይ የአእምሮ ዘገምተኛ፣ ወይ እብድ። ካነር ደብዳቤውን አነበበ፤ ልጁንም በጥቅምት 1938 አየው። ካነር ያን ወረቀት እንደ ሕክምና ማስረጃ መቁጠሩ ትልቅ ነገር ነው ብዬ አምናለሁ። ሐኪም ልጅን በክሊኒኩ ውስጥ አንድ ሰዓት ሁለት ሰዓት ያያል፤ አባትና እናት ግን አምስት ዓመት አይተውታል።

ከዶናልድ ነገር ሁሉ እኔን የያዘኝ የንግግሩ ጉዳይ ነው። ራሱን «አንተ» ይላል፤ እናቱን «እኔ» ይላል። በእንግሊዝኛ ይህ የተውላጠ ስም መለዋወጥ ነው። በአማርኛ ግን ባለቤቱ ከግሡ ውስጥ ስለሚቀመጥ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ልጁ ውሃ ሲጠማው «ውሃ ትፈልጋለህ» ይላል፤ እናቱ ስትጠይቀው የሰማው እንዲያ ነውና ልመናውም እንዲያው ሆኖ ይወጣል። ሴት ልጅ ከሆነች «ትፈልጊያለሽ» ትላለች። ይህን ወደ እንግሊዝኛ ሳስተላልፍ አቀናሁት ማለት ምልክቱን ደመሰስኩት ማለት ነው። ሥራ በጀመርኩበት ሰሞን አቀና ነበር። አሁን እንዳለ አስቀምጥና «ግሡ ያለው በሁለተኛ መደብ ነው» ብዬ አስታውቃለሁ። እናቶች ይህን ነገር «እንደ ገደል ማሚቶ» ይሉታል፤ ከዚህ የተሻለ ቃል እስካሁን አላገኘሁለትም።

ካነር በአምስት ዓመት ውስጥ ዶናልድን የሚመስሉ ሌሎች ልጆች አየ። በ1943 ያሳተመው ጽሑፍ አሥራ አንድ ልጆችን ይተርካል፤ ስምንት ወንድ፣ ሦስት ሴት። «ኦቲስቲክ» የሚለውን ቃል የወሰደው ከስዊዘርላንዱ ሐኪም ከኦይገን ብሎይለር ነው፤ ብሎይለር ከግሪክኛው «ራስ» ከሚለው ቃል አውጥቶ፣ ስኪዞፍሬንያ የያዛቸው ሰዎች ወደ ራሳቸው ዓለም መግባታቸውን ይገልጽበት ነበር። ካነር ግን እነዚህ ልጆች ከዓለም የወጡ ሳይሆኑ ከመጀመሪያውም በሌላ መንገድ የመጡ እንደሆኑ ተረዳ። ጽሑፉን የደመደመው ነገሩ አብሯቸው የተወለደ ነው በማለት ነው።

እዚያ ላይ ቢያቆም ኖሮ ብዙ እናቶች ከብዙ እንባ በዳኑ። ነገር ግን በዚያው ጽሑፍ ውስጥ ሌላ ዘር ተዘርቷል። ካነር የቢመን ትሪፕሌትን ደብዳቤ ጥሩ ታሪክ ነው ብሎ ባመሰገነበት አፉ፣ ዝርዝሩ ከልክ ያለፈ ነው ብሏል። ወላጆቹ ልጃቸው 25 የካቴኪዝም ጥያቄዎችን ከነመልሳቸው በቃሉ እንደያዘ፣ ሌላው 37 የልጆች መዝሙር እንደዘመረ፣ ሌላው 18 ሲምፎኒ ለይቶ እንዳወቀ ከዓመታት በኋላ አስታውሰው መጻፋቸውን፣ የማስታወሻ ደብተራቸውንም ጭምር፣ በአንድ ሐሳብ የመያዝ ጠባያቸው ማሳያ አድርጎ አቀረበው። ሞቅ ያለ ፍቅር ያላቸው ወላጆች ጥቂቶች እንደሆኑም ጽፏል። አስቡት። ያ ሁሉ ትጋት ልጁን ለሐኪሙ አሳየው፤ ከዚያ ትጋቱ ራሱ በወላጁ ላይ ምስክር ሆነ። ይህን ክፍል መጀመሪያ ያነበብኩ ቀን መጽሐፉን ዘግቼ ውጪ ወጣሁ።

ስለ ቪየና ባጭሩ ልናገር። እዚያ ሀንስ አስፐርገር የተባለ ሐኪም በ1944 ተመሳሳይ ልጆችን ገልጾ አሳተመ፤ ስሙም ለብዙ ጊዜ ከአንድ የኦቲዝም ዓይነት ጋር ተያይዞ ቆየ። በ2018 ግን ሄርቪግ ቼክ የተባለው የታሪክ ምሁር፣ አስፐርገር ልጆችን አም ሽፒገልግሩንድ ወደሚባለው የናዚዎች ተቋም ይልክ እንደነበር በሰነድ አሳየ። በዚያ ስፍራ ወደ 800 የሚጠጉ ሕፃናት ሞተዋል። ከሁለቱም ሰዎች በፊት ደግሞ ግሩንያ ሱካሬቫ የተባለች የሞስኮ ሐኪም በ1920ዎቹ አጋማሽ ስለ ስድስት ወንዶች ልጆች የጻፈችው ጽሑፍ ዛሬ ሲነበብ የዛሬ ይመስላል። የሴትዮዋ ሥራ ለረጅም ጊዜ ተረስቶ ነበር። በቪየናና በባልቲሞር መካከልም ሰው ተመላልሷል፤ ከአስፐርገር ጋር ይሠራ የነበረው ጌኦርግ ፍራንክል ከናዚዎች ሸሽቶ መጥቶ በካነር ክሊኒክ ዶናልድን ካዩት አንዱ ነው።

ወደ እናቶቹ ልመለስ። በ1949 ካነር ስለ ወላጆች ቅዝቃዜ በሰፊው ጻፈ፤ እነዚህ ልጆች በረዶው በማይቀልጥ ማቀዝቀዣ ውስጥ የተቀመጡ ያህል ናቸው የሚል ምሳሌ ከዚያ ወጣ። ከዚያ «ማቀዝቀዣ እናት» የሚለው ስም በየክሊኒኩ ተሰራጨ። በ1967 ቺካጎ ውስጥ ትምህርት ቤት ያስተዳድር የነበረው ብሩኖ ቤተልሃይም «ባዶው ምሽግ» የሚል መጽሐፍ አሳተመ፤ የልጁን ዝምታ ካልተፈለገበት ቤት መሸሸጊያ አድርጎ አቀረበው። መፍትሔውም ልጁን ከእናቱ መለየት ሆነ። በዚያን ዘመን ሐኪም ዘንድ የሄደች እናት ራሷ ታካሚ ሆና፣ ልጇን ለምን እንዳልወደደችው ስትጠየቅ ትውል ነበር።

ደሴ ላይ «በቀትር ወንዝ ተሻግረሽ ነው»፤ ቺካጎ ላይ «ሳትወጂው ነው»። አንዱ የጎረቤት ወሬ ነው፣ ሌላው የዶክተር ወረቀት ነው። ሁለቱም ወደ አንድ ሰው ነው የሚጠቁሙት። እስከ ዛሬ እናቶች የምርመራው ውጤት ሲነገራቸው ከሁሉ አስቀድመው የሚጠይቁት «ምን አድርጌ ነው?» ብለው ነው። ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ እንዳስተረጎምኩት ቆጥሬው አላውቅም። መልሱን በአማርኛ ስናገር ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ፤ «እርስዎ ያደረጉት ነገር የለም» የሚለው ዓረፍተ ነገር በሹክሹክታ የሚነገር አይደለም።

ይህን መልስ ያገኙት ደግሞ ወላጆች ራሳቸው ናቸው። በርናርድ ሪምላንድ ሳን ዲዬጎ ውስጥ ለባሕር ኃይል የሚሠራ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነበር፤ ልጁ ኦቲዝም ነበረበት። በማታ በማታ እየተቀመጠ የተጻፈውን ሁሉ አነበበ፤ እናት በልጇ ላይ አመጣችው የሚለው ሐሳብ ማስረጃ እንደሌለው የሚያሳይ መጽሐፍም በ1964 አወጣ። መቅድሙን የጻፈለት ካነር ነው። በዓመቱ ሪምላንድና ሌሎች ወላጆች አገር አቀፍ ማኅበር መሠረቱ። በ1969 በዚያ ማኅበር ጉባኤ ላይ ካነር ተነሥቶ ወላጆችን ከወቀሳ ነፃ አላቸው። ይህን ለመስማት ሃያ ስድስት ዓመት ጠበቁ።

ነፃ ማለት በአፍ ነው፤ ማስረጃው የመጣው ከለንደን ነው። ሱዛን ፎልስታይንና ማይክል ረተር በ1977 ሃያ አንድ ጥንድ መንትያ መርምረው አሳተሙ። ከአንድ እንቁላል ከተገኙት 11 ጥንዶች በአራቱ ሁለቱም ልጆች ኦቲዝም ነበረባቸው፤ ከሁለት እንቁላል ከተገኙት 10 ጥንዶች በአንዱም እንዲህ አልሆነም። ያደጉት በአንድ ቤት፣ በአንድ እናት እቅፍ ነው፤ ልዩነቱን ያመጣው የሚወረሰው ነገር ነው። ሦስት ዓመት ቆይቶ፣ በ1980፣ የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የምርመራ መጽሐፍ ኦቲዝምን ከስኪዞፍሬንያ ለይቶ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሱ ስም አስገባው።

ሎርና ዊንግን ሳልጠቅስ አላልፍም። እንግሊዛዊት የሥነ አእምሮ ሐኪም ነበረች፤ ሴት ልጇም ኦቲዝም ነበረባት። በ1979 ከጁዲት ጉልድ ጋር ካምበርዌል በሚባለው የለንደን ሰፈር ባደረገችው ጥናት፣ የካነርን መግለጫ በትክክል የሚያሟሉ ልጆች ጥቂት ቢሆኑም፣ በመግባባት፣ በንግግርና በምናብ ተመሳሳይ ችግር ያለባቸው ሌሎች ብዙ ልጆች እንዳሉ ተገኘ። ስፔክትረም የሚለው ሐሳብ ከዚህ ነው የመጣው። በ2013 የአሜሪካው መጽሐፍ ቀድሞ የተለያዩ ስሞች የነበሯቸውን ሁሉ በዚህ አንድ ስም ጠቀለላቸው። እኔ ቃሉን እንዳለ «ስፔክትረም» እልና፣ መልኩና ክብደቱ ከልጅ ልጅ ይለያያል ብዬ አስረዳለሁ። አባቶች «ቀለል ያለው ነው ወይስ ከባዱ?» ይላሉ። መርማሪዋ ልጁ ምን ያህል እገዛ እንደሚያስፈልገው ትነግራቸዋለች፤ ነገ የት እንደሚደርስ ግን ቃል አትገባም።

መግለጫው ሲሰፋ፣ ሐኪሙም ወላጁም ሲነቃ፣ ቁጥሩ አደገ። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል በሚከታተላቸው አካባቢዎች፣ በ2000 ከ150 የስምንት ዓመት ልጆች አንዱ ኦቲዝም እንዳለበት ተመዝግቦ ነበር፤ በ2022 ከ31 አንዱ ሆነ።

ከካነር አሥራ አንድ ልጆች መካከል የአራቱ አባቶች ራሳቸው የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ነበሩ፤ የቀሩትም ወላጆች አብዛኞቹ የተማሩ ናቸው። ከዚህ የተነሣ ኦቲዝም የተማሩና የበለጸጉ ቤተሰቦች ነገር ተደርጎ ለብዙ ዓመት ተቆጠረ። ነገር ግን በ1938 ከሚሲሲፒ ባልቲሞር ድረስ ልጁን የሚያመጣ ማን ነው? 33 ገጽ የሚያስተይብበት ጸሐፊ ያለው ማን ነው? የጠላ ሻጯ ልጅ በዚያ ወረቀት ላይ ያልታየው ስላልነበረ አይደለም። ቪክቶር ሎተር የተባለው ተመራማሪ በአፍሪካ ከተሞች የልጆች ተቋማትን ዞሮ፣ በ1978 ባሳተመው ጽሑፍ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች እዚያም እንዳሉ አሳይቷል።

በአገራችን ይህን ነገር በአደባባይ የተናገሩት እናት ናቸው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ከአሜሪካ ተመልሰው በውበት ሙያ ትምህርት ቤታቸው የታወቁ ሴት ነበሩ። ኦቲዝም ያለበት ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት ሲያጡ፣ በ2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። ልጅ በጓዳ በሚደበቅበት ከተማ ልጃቸውን ይዘው ቴሌቪዥን ላይ ቀረቡ። በ2021 አረፉ፤ ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልን። ከእሳቸው በኋላ ሌሎች እናቶች ሌሎች ማዕከሎች ከፍተዋል፤ ከነዚህ አንዱ ነሕምያ ነው። በገጠር ቤት ለቤት ለሚዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ስለ ኦቲዝም የሚያስረዳ የኪስ መመሪያና ቪዲዮ ተዘጋጅቶላቸዋል።

የእኔ ሥራ የተወለደው ደግሞ ከሌላ ታሪክ ነው። በ1964 የወጣው የአሜሪካ የሲቪል መብቶች ሕግ የመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ተቋም በትውልድ አገር ሰውን እንዳይለይ ከለከለ፤ ቋንቋ የማይችለውን ታካሚ ያለ አስተርጓሚ ማስተናገድም ቀስ በቀስ በዚያ ሥር ተቆጠረ። በ2004 ዋሽንግተን ዲሲ ባወጣችው የቋንቋ ሕግ አማርኛ የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች ከሚገለገሉባቸው ቋንቋዎች አንዱ ሆኗል። ከዚያ በፊት የአሥር ዓመት እህት ስለ ወንድሟ ሕመም ለእናቷ ታስተረጉም ነበር። እህት ደግሞ ከባዱን ታስቀራለች፤ ማን ይፈርድባታል?

የሥራዬ ሕግ የማንንም ቤተሰብ ነገር እንዳላወጣ ያስገድደኛል፤ ስለዚህ በየክፍሉ የሚደጋገመውን ብቻ እናገራለሁ። መርማሪዋ የምትጠቀምባቸው ሁለቱ ዋና መሣሪያዎች በ1980ዎቹ መጨረሻ የወጡ ናቸው። አንደኛው ከልጁ ጋር የሚደረግ ጨዋታ ነው፤ የሳሙና አረፋ ይነፋል፣ ለአሻንጉሊት ልደት ይከበራል። ሁለተኛው ለወላጅ የሚቀርብ ረጅም ጥያቄ ነው፤ በኋላ በተሻሻለው ቅጂ 93 ጥያቄዎች አሉት። የመንትያዎቹን ጥናት የሠራው ማይክል ረተር በሁለቱም ላይ እጁ አለበት። እናትን ከወቀሳ ያወጣ ሰው እናትን የሚጠይቅ መሣሪያ መሥራቱ ያስደስተኛል።

«ልጅዎ የማስመሰል ጨዋታ ይጫወታል?» የሚለውን ቃል በቃል ስተረጉመው እናቶች ግር ይላቸዋል፤ ልጄ አስመሳይ ነው ወይ የተባሉ ይመስላቸዋል። «ዕቃ ዕቃ ይጫወታል? በባዶ ሲኒ ቡና ያፈላል? ያቀርብልዎታል?» ስል ፊታቸው ይበራል፣ ወይም ይጠቁራል። የልደት ኬክ አይቶ የማያውቅ ልጅ ሻማውን እፍ ባይል ምንም አይደለም። አስተርጓሚ ከራሱ አይጨምርም፤ እንዲህ ያለው የባህል ነገር ሲመጣ ግን እጅ አንሥቶ ማሳወቅ ይችላል።

የዓይን ነገርም እንዲሁ ነው። የእኛ ልጅ በታላቅ ፊት ዓይኑን ይሰብራል፤ ያ ጨዋነት ነው። ግን በሰማይ አውሮፕላን ሲያልፍ በጣቱ ይጠቁማል፤ ከዚያ እናቱ አየችው ወይ ብሎ ፊቷን ያያል። ከአውሮፕላኑ ወደ እናቱ፣ ከእናቱ ወደ አውሮፕላኑ። መርማሪዋ የምትፈልገው ይህን ምልልስ ነው፤ እሱም በጨዋነት አይጠፋም። ይህን ልዩነት ሳስረዳ አንዳንድ እናት ዝም ትላለች። ያ ዝምታ መልስ ነው፤ ግን ዝምታ አልተረጉምም፣ እስክትናገር እጠብቃለሁ።

ከሁሉ የሚከብደው ቀን ነው። «መጀመሪያ የተጨነቁት መቼ ነው?» ተብለው ሲጠየቁ እናቶቻችን በወር አይመልሱም። «ጥምቀት ያለፈ ሰሞን»፣ «ረመዳን ሊፈታ ሁለት ቀን ሲቀረው»፣ «ታናሽ እህቱን ክርስትና ያነሣን ጊዜ» ይላሉ። እኔ በወረቀቴ ጥግ ላይ እያሰላሁ ስንት ወሩ እንደነበር እናገራለሁ። ልጅ ቃል ያጣው በአሥራ ስምንት ወሩ ነው ወይስ በሠላሳ ስድስት የሚለው ለምርመራው ትልቅ ነገር ነው። «ወንድ ልጅ አፉን ቶሎ አይፈታም፤ አባቱም በአራት ዓመቱ ነው የተናገረው» የሚሉ አያት በስልክ ይገባሉ፤ እሱንም አስተረጉማለሁ። አማርኛ ተዉና በእንግሊዝኛ ብቻ አናግሩት ተብለው የመጡ ቤተሰቦችም ብዙ ናቸው። ሁለት ቋንቋ መስማት ኦቲዝም ያለበትን ልጅ እንደማይጎዳ ጥናቶች አሳይተዋል፤ ያ ምክር ግን ስንቱን እናት ከልጇ ጋር በተዋሰችው ቋንቋ ብቻ እንድታወራ አደረጋት።

በ2010 ዓ.ም. ጥር ላይ ደሴ ሄድኩ። ሃያ ዘጠኝ ዓመት አልፏል። ሰፈሩን ጠያይቄ አገኘሁት። እማማ አሁን ጠላ አይጠምቁም፤ ጉልበታቸው ደክሟል። ልጁ፣ ልጁ ስል ሰውዬው ማለቴ ነው፣ ግድግዳው ሥር ፀሐይ ላይ ተቀምጧል። ፊት ለፊቱ ቆርኪ አለ። አሁን የፕላስቲክ ክዳንም ጨምሮበታል።

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ስም ልሰጠው አልሄድኩም። ማን እንደሆንኩ ነገርኳቸውና ይቅርታ ጠየቅኩ። እማማ አላስታወሱኝም። «ስንቱ መልሶናል፣ ልጄ» አሉ፣ ቂም በሌለው ድምፅ። ዶናልድ ትሪፕሌት ያን ጊዜ ሰማንያ አራት ዓመቱ ነበር። ኮሌጅ ጨርሶ፣ ቤተሰቡ በያዘው የፎረስት ባንክ ሠርቶ፣ ጎልፍ እየተጫወተ፣ ብቻውን አገር ለአገር እየዞረ፣ በሚያውቁትና በሚወዱት ሰዎች መካከል አርጅቷል። ያረፈው በ2023 ነው። የዶናልድን ነገር ያን ቀን አልነገርኳቸውም። ለእኔ ግን ግድግዳው ሥር ካለው ሰው ጋር እየተፈራረቁ ይታዩኝ ነበር፤ አንዱ ባንክ ያለው ቤተሰብ ነበረው።

ከቡናው በፊት አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኳቸው፤ «እማማ፣ ሕፃን ሳለ እንዴት ነበር?»

ነጠላቸውን አጠበቁና ጀመሩ። እንዴት እንደጠባ፣ ሲታቀፍ ጀርባውን እንዴት እንደሚያደድር፣ የዝናብ ድምፅ ሲሰማ ጆሮውን እንዴት እንደሚደፍን። በየትኛው ፋሲካ መሄድ እንደጀመረ። የትኛውን ሸማ ካላለበሱት እንደማይተኛ። አውሮፕላን ሲያልፍ ቀና ብሎ እንደሚያይ፣ ግን ለማንም እንደማያሳይ። 93ቱን ጥያቄዎች በልቤ ይዤ ተቀምጬ ነበር፤ አንዱንም መጠየቅ አላስፈለገኝም። አቦል አለፈ፣ ቶና አለፈ፣ በረካ ላይ ደረስን። ፀሐይዋ ከግድግዳው ላይ ስትወርድ እሱ ቆርኪዎቹን አንድ በአንድ ወደ ጣሳው መለሰ፤ ስንት እንደነበሩ ለራሱ እየቆጠረ።

እንዳላመሽባቸው ብዬ ተነሣሁ። እማማ ቀሚሴን ያዙኝ።

«ወዴት ነው? ቁጭ በይ እንጂ፤ ገና ሦስት ዓመቱ ላይ ነኝ።»

ተቀመጥኩ።